ጠያቂና መላሽ፦ በእንግሊዝ ቪዛ ደብሊን ይገባል?

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ የጉብኝት ቪዛ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ «ቤልፋስት ከገባህ በአውቶቡስ ደብሊን ትሻገራለህ፣ ድንበር ላይ የሚያይህ የለም» ይሉኛል። እውነት ነው? በሁለት ሳምንት ለንደንን፣ ስኮትላንድንና አየርላንድን ማየት እፈልጋለሁ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው ጉድ የሚሆነውም በዚሁ ግማሽ ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። እኔ በመኪና ሳልፍ መሻገሬን ያወቅኩት የፍጥነት ምልክቱ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር ነው። ግን ኬላ የለም ማለት ቪዛ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አየርላንድ ሪፐብሊክ ራሷን የቻለች አገር ናት፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰውም የእሷን ቪዛ ማውጣት አለበት። ፖሊሶቿ አንዳንዴ አውቶቡስና ባቡር ላይ ወጥተው ሰነድ ይጠይቃሉ። ህንዶች በእንግሊዝ ቪዛ ሲገቡ አይተህ እንዳትሸወድ፣ ለእነሱና ለቻይናውያን የተለየ አሠራር ስላለ ነው።

ደግነቱ ሰሜን አየርላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ስለሆነ ያለህ ቪዛ ይበቃሃል። በደብሊን በኩል ሳትዞር በቀጥታ ቤልፋስት ግባ። ከዚያ ወደ ጃይንትስ ኮዝዌይ ውጣ፤ ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተፈጠሩ 40,000 ገደማ የድንጋይ ዓምዶች ባሕሩ ዳር ተደርድረዋል፣ አብዛኞቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው፣ ሰው የጠረባቸው ነው የሚመስሉት። ውሃው አጠገብ ያሉት ጥቋቁሮቹ ያንሸራትታሉ፣ ለፎቶ ብለህ እንዳትወጣባቸው። ክፍያው ለጎብኚዎች ማዕከሉና ለመኪና ማቆሚያው ነው እንጂ በእግር ሄደህ ድንጋዮቹን ብታይ ማንም አያስከፍልህም።

በሁለት ሳምንት ሁሉንም ልድረስ ካልክ የምታየው ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው። ለንደን፣ ኤድንብራ፣ ከዚያ ከግላስጎው እስከ ስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻዋ ማሌግ ያለው ባቡር ይበቃሃል። ወደ ማሌግ ስትሄድ በግራ በኩል ተቀመጥ፣ ባለ 21 ቅስቱ የግሌንፊናን ድልድይ ከዚያ ነው ደህና የሚታየው። ከስኮትላንድ ወደ ቤልፋስት ደግሞ ከኬርንራያን ወደብ መርከብ አለ፣ ጉዞው ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። የባቡር ትኬት በዕለቱ አትግዛ፣ ዋጋው ያስደነግጥሃል።

ጥያቄ፦ ለንደን ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ። የአገራችን ታሪክ ያለበት ቦታ ማየት እወዳለሁ። ፍልሰታን ስለምጾም ምግቡም አሳስቦኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ዊንዘር ይሂዱ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተቀበረው እዚያ፣ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ በኋላ በሰባት ዓመቱ ወሰዱት፣ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። መታሰቢያ ሰሌዳው ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፏል። እኔ ሳነበው ደሜ ነው የፈላው። በ2023 እንኳ ዘመዶቹ አጽሙ ይመለስልን ብለው ጠይቀው ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም። እሑድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነውና በሌላ ቀን ይሂዱ።

የመቅደላው የወርቅ ዘውድ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ባዝ ከተማ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ ደግሞ ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ቤት ነው፣ ኋላ ለከተማው አበርክተውታል። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅልዎ።

ስለ ጾሙ አይጨነቁ። «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ በየሱቁ ሞልቷል፣ ለንደን የአበሻ ምግብ ቤትም አይጠፋም። ወደ ሰሜን እንግሊዝ ከወጡ ግን የድንች ጥብሱን ጠይቀው ይብሉ፣ በከብት ስብ የሚጠብሱ አሉ። ነሐሴ ነው ብለው ደግሞ ስስ ልብስ ብቻ እንዳይዙ። ጃንጥላውን ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይሻልዎታል።