የስኳር ልባሱ ለምን ይቀልጣል?

ጥያቄ፦ ለልጆቼ በማንጎ ጭማቂና በጄላቲን ለስላሳ ከረሜላ እሠራለሁ። ስኳር ላይ ሳንከባልለው ያምራል፤ በማግስቱ ከፍሪጅ ሳወጣው ግን ስኳሩ ቀልጦ፣ ከረሜላውም እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ የስኳሩ ሳይሆን ከረሜላው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ስኳር እርጥበት ስለሚስብ፣ ባልደረቀ ከረሜላ ላይ ሲነሰነስ የውስጡን ውሃ ወደ ላይ እየሳበ ራሱ ሽሮፕ ይሆናል። ፋብሪካዎች ስኳሩንና የግሉኮስ ሽሮፑን አፍልተው ውሃውን ከቀነሱ በኋላ ጄላቲን ይጨምሩበትና፣ በበቆሎ ስታርች ላይ በተቀረጹ ጉድጓዶች አፍስሰው ለአንድ ቀንና ከዚያም በላይ ያደርቁታል።

እርስዎም ጭማቂውን ከስኳር ጋር ወፈር እስኪል ያፍሉት። ጄላቲኑን ግን በቀዝቃዛ ውሃ ካራሱት በኋላ፣ ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ይጨምሩት፤ አብሮ ከፈላ የመርጋት ኃይሉ ይዳከማል። ጄላቲን 35 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ስለሚጀምር፣ በከተማዎ ሙቀት የሚሻለው ከረሜላውን ከቅርጹ አውጥቶ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ነጣጥሎ በመደርደር፣ ፍሪጅ ውስጥ ሳይከድኑ ከ24 እስከ 48 ሰዓት እያገላበጡ ማድረቅ ነው። በጣት ሲነካ ላዩ ስስ ቆዳ ያበጀ መስሎ ሊሰማና ጥቂት ብቻ ሊይዝ ይገባል። ከደረቀ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ያውጡትና ቅዝቃዜው እስኪለቀው ሳይከፍቱ ይቆዩ፤ ቀዝቃዛ ከረሜላ ሞቃት አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራልና። ስኳሩን የሚያለብሱት ከዚህ በኋላ ነው።

ኮምጠጥ ያለ እንዲሆን ከፈለጉ ለግማሽ ኩባያ ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይበቃል፤ አሲዱም እርጥበት ስለሚስብ ልባሱን በሚቀርብበት ዕለት ቢያደርጉት ይመረጣል። ለእርስዎ የምመርጠው ግን ሎኩም የተባለው የቱርክ ለስላሳ ጣፋጭ የሚለብሰውን ዓይነት ነው፦ እኩል መጠን ያለው የስኳር ዱቄትና የበቆሎ ስታርች። ስታርቹ የሚወጣውን እርጥበት ስለሚመጥ ከረሜላው ቶሎ አይጣበቅም፤ ትርፉን በወንፊት ያራግፉት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ የሚወዱት፣ ጥቂት ጠብታ የኮኮናት ዘይት ሳህን ውስጥ አድርገው ከረሜላውን ያገላብጡበት።

ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚገኝ በመሆኑ ለጾም አይሆንም። ከባሕር አረም የሚዘጋጀው አጋር ግን ለጾም ይሆናል፤ በድሬዳዋ ሙቀትም አይቀልጥም። ሆኖም ሲቆይ ውሃ ስለሚያወጣ፣ ከመልበሱ በፊት በደንብ መድረቅ አለበት።