ሐኪሙ ጄኔራል ናታን ኪምቦል፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ባለፈው ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስናወራ «ስቶንዎል ጃክሰንን ያሸነፈው አንድ የገጠር ሐኪም ነው» አልኩና የጥያቄ መዓት ዘነበብኝ። ጃክሰን ከአሜሪካ ከተገነጠሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች፣ «ደቡቦቹ» ከምላቸው፣ ዝነኛ ጄኔራሎች አንዱ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ናታን ኪምቦል ይባላል፤ የተዋጋው ለሰሜኖቹ፣ ለአሜሪካ መንግሥት ነው። ለዓመታት ትራክ የነዳሁበት 81 ቁጥር መንገድ እሱ የተዋጋበትን ሜዳ ታክኮ ነው የሚያልፈው። ጉዳዩ የያዘኝም በዚያ ነው። እስቲ እንደ አመጣጣቸው ልመልስ። ዓመትና ወሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ባጭሩ ይንገሩን። ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

አትፈር፣ አሜሪካኖቹም ብዙዎቹ አያውቁትም። በ1822 ኢንዲያና ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ኮሌጅ ትንሽ ገፋ፣ አስተማሪ ሆነ፣ እርሻም ሞከረ። ከዚያ ሐኪም ከነበረው አማቹ ሥር ሆኖ ሕክምና ተማረ። ያን ጊዜ እንዲህ መማር የተለመደ ነበር፤ አንድ ሐኪም ሥር ትገባለህ፣ ቦርሳውን ተሸክመህ ትዞራለህ፣ ስትበቃ የራስህን ትከፍታለህ። ሁለት ጦርነት ዘመተ፣ ጄኔራል ሆነ፣ ከዚያ ፖለቲካ ገባ። በ1898 ዩታ ውስጥ አረፈ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ከሆነ ለምን ቁስለኛ አላከመም? ጠመንጃ ምን አስያዘው?

የወዶ ዘማች ጦር አሠራሩ እንደዚያ ነበር። ሰው ያሰባሰበ አለቃ ይሆናል። በ1861 ጦርነቱ ሲፈነዳ ኪምቦል ሎጉቲ በምትባል የኢንዲያና ከተማ ሐኪም ነበር። የአካባቢውን ወጣት ሰብስቦ መጀመሪያ ሻምበል፣ ብዙም ሳይቆይ የ14ኛው ኢንዲያና ሬጅመንት ኮሎኔል ሆነ። ሬጅመንት ሲሞላ 1,000 ሰው ገደማ ነው። በዚያ ላይ ከዚህ በፊት ጦርነት ያየ ሰው ነው።

በበኩሌ ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። የትንሽ ከተማ ሐኪም የማያውቀው ቤት የለም። እናትህን ያከመ ሰው «ተነስ፣ እንሂድ» ሲልህ እንዴት እምቢ ትላለህ?

ጥያቄ፦ «ጦርነት ያየ» ሲሉ የሜክሲኮውን ነው?

ይህችን እየጠበቅኋት ነበር። ልብ ወለድ የሚመስለው ታሪክ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1847፣ አሜሪካና ሜክሲኮ ሲዋጉ፣ ቡዌና ቪስታ የሚባል ቦታ። ኪምቦል ገና 24 ዓመቱ ነው፣ የ2ኛው ኢንዲያና ሬጅመንት ሻምበል። የሬጅመንቱ አዛዥ ዊልያም ቦውልስ ይባላል። የሚገርመው እሱም ሐኪም ነው፣ እሱም የደቡብ ኢንዲያና ሰው ነው። የሜክሲኮ ጦር ሲጫናቸው ቦውልስ «ተኩስ አቁም፣ ወደ ኋላ!» ብሎ አዘዘ። ሬጅመንቱ ብትንትኑ ወጣ። ኪምቦል የራሱን ልጆች ሰብስቦ ወደ ውጊያው መለሳቸው። ቦውልስንም ፈሪ ነው ማለት አይቻልም። ከሚሲሲፒዎቹ ተኳሾች ጋር ተቀላቅሎ እንደ ተራ ወታደር ጠመንጃ አንስቶ ተዋግቷል። የሚሲሲፒዎቹ አዛዥ ማን ነበር? ጄፈርሰን ዴቪስ፤ ኋላ የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት የሆነው።

አሁን 17 ዓመት ዝለሉ። 1864። ኪምቦል ጄኔራል ሆኗል። አትላንታ ከተያዘች በኋላ ወደ ገዛ አገሩ ወደ ደቡብ ኢንዲያና ተላከ። እዚያ ለደቡቦቹ ወግነው በምስጢር የሚያሴሩ ማኅበሮች አስቸግረዋል፤ እነሱን አደብ እንዲያስገዛ ነው የላኩት። ከእነዚያ ሰዎች መሪዎች አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዶክተር ቦውልስ! በዚያው ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ወታደራዊ ችሎት አቆሙት፤ ስቅላት ተፈረደበት። ግን አልተሰቀለም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1866 መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሥራ ላይ ባሉበት ቦታ ሲቪል ሰው በወታደር ችሎት አይዳኝም ብሎ ወሰነ። ቦውልስ ከነጓደኞቹ ተለቀቀ። የሚሊጋን ጉዳይ የሚባለው ይሄ ነው፤ እዚህ አገር ሕግ የሚማሩ ልጆች ያላችሁ ጠይቋቸው፣ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ወደ ዋናው ልግባ። እውነት ጃክሰንን አሸንፎታል? ወይስ ማጋነን ነው?

አሸንፎታል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጃክሰን በራሱ አዛዥነት የተሸነፈበት ብቸኛ ውጊያ ይሉታል። ቦታው ከርንስታውን፣ ቨርጂኒያ፤ ቀኑ እሑድ ማርች 23፣ 1862።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሜኖቹ አጠገቡ ያለችውን የዊንቸስተር ከተማ ይዘዋል። አዛዣቸው ጄኔራል ጄምስ ሺልድስ ነው። (ይሄ ሺልድስ በ1842 አብርሃም ሊንከንን ለሞት ሽረት ግጥሚያ የጠራ ሰው ነው። ሊንከን ጎራዴ መረጠ፤ ሽማግሌ ገባና ቀረ።) ከውጊያው አንድ ቀን በፊት የመድፍ ፍንጣሪ ክንዱን ሰብሮ አልጋ ላይ ጣለው። ጦሩ ኮሎኔል ኪምቦል እጅ ወደቀ።

ሺልድስ አልጋ ላይ ሆኖም ትእዛዝ መላኩን አልተወም። ፊት ለፊት ያለው ጥቂት ፈረሰኛ ነው ብሎ አምኗል፤ ወጥታችሁ አባሩት ይላል። ኪምቦል ግን ፕሪቻርድ ኮረብታ ላይ ቆሞ በዓይኑ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። አልተከራከረም፣ ደብዳቤም አልተጻጻፈም። ትእዛዙን ሰማ፣ ኮረብታውን አልለቀቀም፣ መድፎቹን እዚያው ደረደረ። ሰውየውን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። በሽተኛውን ያየው እሱ ነዋ! ከሩቅ ሆኖ መድኃኒት የሚያዝ ሌላ ነው።

ጃክሰንም በበኩሉ ተሳስቷል። የፈረሰኞቹ አዛዥ ተርነር አሽቢ ከተማው ውስጥ የቀረው ጥቂት ሬጅመንት ብቻ ነው ብሎ ነግሮታል። እሱ ወደ 3,800 ሰው ይዟል፤ ኪምቦል እጅ ያለው ከእጥፍ ይበልጣል። ሰዎቹ ሁለት ቀን በእግር ሲኳትኑ የዋሉ ናቸው። ቀኑ ደግሞ ሰንበት ነው። ጃክሰን ሰንበትን አጥብቆ የሚያከብር ሃይማኖተኛ ነበር፤ በዚያ ቀን መዋጋቱን ኋላ ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ሲያስረዳ ይታያል።

ጃክሰን በምዕራብ በኩል ባለው ሸንተረር ዞሮ ኮረብታውን ከጎን ሊመታ ሞከረ። ኪምቦል ይህን አይቶ አንድ ብርጌድ ወደዚያው አጣደፈ። መሀላቸው የድንጋይ ካብ አለ። ሁለቱም ወደ ካቡ ሮጡ፤ ደቡቦቹ ቀደሙ። (ስቶንዎል ማለት የድንጋይ ካብ ማለት ነው፤ እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት።) ከካቡ ጀርባ ሆነው እስኪመሽ ታኮሱ። ኪምቦል ሬጅመንት በሬጅመንት ላይ እየጨመረ ላከ። በመጨረሻ የደቡቦቹ ጥይት አለቀ። ጄኔራል ሪቻርድ ጋርኔት ያለ ጃክሰን ፈቃድ ሰዎቹን አሸሸ። ጃክሰን ተቆጥቶ አሰረው፣ ፍርድ ቤት አቆመው። ችሎቱ ሳይቋጭ ጋርኔት በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ሞተ።

ሰሜኖቹ 590፣ ደቡቦቹ 718 ሰው አጡ፤ የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከው ተደምሮ። ኪምቦል በሚቀጥለው ወር ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህን ያህል ከሠራ ስሙ የት ገባ?

አንደኛ፣ ሺልድስ በሪፖርቱ ድሉን ለራሱ አደረገው። አልጋ ላይ ተኝቶ ያሸነፈ ጄኔራል! አለቃችሁ የእናንተን ሥራ በራሱ ስም አቅርቦባችሁ የሚያውቅ ካለ ነገሩ ይገባዋል።

ሁለተኛው ይብሳል። ጃክሰን ተሸንፎ አተረፈ። ዋሽንግተን ያሉት ይህን ያህል ደፍሮ የመጣ ሰው ብዙ ጦር ቢኖረው ነው ብለው ደነገጡ። ወደ ሪችመንድ፣ ወደ ደቡቦቹ ዋና ከተማ፣ ሊዘምት የነበረ ብዙ ሺህ ሠራዊት ዋሽንግተንን ሊጠብቅ ቀረ። ስለዚህ ሰዉ ከርንስታውንን የሚያነሳው የጃክሰን ዝነኛ ዘመቻ መነሻ አድርጎ ነው። ኪምቦል በ1880ዎቹ ስለ ውጊያው ራሱ ጽፏል፤ ግን ጃክሰን እስከዚያ አፈ ታሪክ ሆኖ ነበር።

ጥያቄ፦ ከሮበርት ሊ ጋርስ ተገናኝቶ ያውቃል?

ያውቃል፣ ከጃክሰንም በፊት። ሊ ኋላ የደቡቦቹ ዋና ጄኔራል የሆነው ሰው ነው። ሴፕቴምበር 1861 ሊ የመጀመሪያ ጥቃቱን ቺት ተራራ ላይ ሲሞክር የተራራውን ምሽግ የያዘው ኪምቦል ነበር። ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ከምሽጉ ወጥተው በኃይል ተታኮሱ፤ የመጣባቸው የደቡቦቹ ኮሎኔል ስፍር ቁጥር የሌለው ጦር ያለ መስሎት ተመለሰ።

ጥያቄ፦ ዝም ብለው የሰሜን ደጋፊ ነዎት እንዴ?

ነኝ። ደቡቦቹ የተነሱት ባርነትን ለማቆየት ነው። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ እኔ ነርስ ነኝ። በዚያን ዘመን ቁስለኛ እንዴት ይታከም እንደነበር ቢነግሩን።

እህቴ፣ ይህን ከአንቲተም ጋር አያይዤ ልመልስልሽ። ሴፕቴምበር 17፣ 1862፣ ሜሪላንድ። በአንድ ቀን ከሁለቱም ወገን ወደ 22,700 ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። የኪምቦል ብርጌድ የገባው ጋሪ ሲመላለስበት ጎድጉዶ ቦይ በሆነ የእርሻ መንገድ ፊት ለፊት ነው። ደቡቦቹ ቦዩ ውስጥ ተኝተው ይተኩሳሉ። ብርጌዱ ለሰዓታት ንቅንቅ አላለም። የጂብራልተር ብርጌድ የሚል ስም ያወጡለት በዚህ ነው፤ እንደዚያ ቋጥኝ አልነቃነቅ አለ ለማለት። ዋጋው ከ600 በላይ ሙትና ቁስለኛ ነው። ያ ቦይ እስከ ዛሬ «የደም መንገድ» ይባላል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ እናንተ አሁን እጃችሁን ሳትታጠቡ በሽተኛ አትነኩም። ያኔ ጀርም የሚባል ነገር አይታወቅም። ጥይቷ ለስላሳ እርሳስ ናት፤ አጥንት ስትመታ ታደቀዋለች። ስለዚህ እጅና እግር ይቆረጣል። ያለ ማደንዘዣ ነበር የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ ክሎሮፎርምና ኤተር ነበራቸው። ችግሩ አንዱን የቆረጠ መጋዝ ሳይቀቀል ሌላው ላይ መዋሉ ነው። ከጥይት ይልቅ ተቅማጥና ታይፎይድ ብዙ ወታደር ገድሏል።

ጥሩ ዜናው ዶክተር ጆናታን ሌተርማን የተባለ ሰው በዚያው በጋ የአምቡላንስ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር። በመጀመሪያ ቁስሉ ባለበት ይታሰራል፣ ከዚያ የሜዳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ዋናው ሆስፒታል። አሁን ድንገተኛ ክፍል የምታደርጉት የዚያ ልጅ ልጅ ነው። ደግሞ ከአንቲተም አምስት ቀን በኋላ ሊንከን የባሪያ ነጻነት አዋጁን የመጀመሪያ ማስታወቂያ አወጣ። ለማውጣት ድል ይጠብቅ ነበርና።

ጥያቄ፦ ኪምቦል ራሱ ቆስሎ ያውቃል?

ዲሴምበር 13፣ 1862። የሱ ብርጌድ ሜሪ ኮረብታ ሥር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ቀድሞ እንዲወጣ ታዘዘ። ገላጣ ሜዳ ነው፣ መሀሉ ላይ ቦይ አለ፣ ካቡ ጀርባ ደቡቦቹ ተደርድረዋል። ሄዱ። አልደረሱም። ከ500 በላይ ሰዎቹ ወደቁ፤ እሱም ጭኑን ክፉኛ ተመታ። በዚያ ቀን ከሱ በኋላ የወጡትም ሁሉ አልደረሱም።

ከተማዋ ፍሬድሪክስበርግ ትባላለች። ኢንዲያና የተወለደባት መንደር ስምም ፍሬድሪክስበርግ ነበር።

ከዳነ በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደ። ቪክስበርግ፣ አርካንሶ፣ አትላንታ፣ ናሽቪል። እሱን በዝርዝር ልጻፍ ካልኩ አንጨርስም።

ጥያቄ፦ ሌላስ ሐኪም የነበረ ጄኔራል አለ?

ሳሙኤል ክሮፎርድ። ፎርት ሰምተር ላይ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ የምሽጉ ሐኪም ነበር። መኮንን ስላነሰ መድፍ እንዲያዝ ተደረገ፤ በዚያው ቀረ። ጌቲስበርግ ላይ ክፍለ ጦር መርቷል።

ጥያቄ፦ ፖለቲካው እንዴት ነበር? ሌላው ጄኔራል ሁሉ የሚሮጠው ለሥልጣን ነው።

የሱ ፖለቲካ ድምቀት የለውም፤ ለዚያ ነው ጥሩ የሚመስለኝ። ሁለት ጊዜ የኢንዲያና ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተመረጠ፤ ብር መቁጠር ነው ሥራው። የዘማቾችን ማኅበር በኢንዲያና ካቋቋሙት አንዱ ነው። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤትም ገብቷል። በ1873 ፕሬዚዳንት ግራንት፣ የቀድሞ አዛዡ፣ የዩታ ግዛት ዋና የመሬት ቀያሽ አድርጎ ሾመው።

«ይሄ ሹመት ነው ወይስ ግዞት?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን አስቡት። ዩታ ውስጥ ሰዉ ከ1847 ጀምሮ ሰፍሯል፣ ቤት ሠርቷል፣ ቦይ ቆፍሯል። የፌደራል መሬት ጽሕፈት ቤት የተከፈተው ግን በ1869 ነው። መሬት እያንዳንዱ ጎኑ ስድስት ማይል የሆነ ካሬ እየሆነ ተሸንሽኖ፣ እሱም 36 ቦታ ተከፍሎ ካልተለካ ለማንም የባለቤትነት ወረቀት አይሰጥም። የይዞታ ካርታ ለማውጣት ወረዳ የተመላለሰ ሰው የቀያሽን ጉልበት ያውቀዋል።

ኑሮውን ኦግደን ላይ አደረገ። ከተማዋ የባቡር መገናኛ ነበረች። ኋላ የኦግደን ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ። ጃክሰንን ያሸነፈ ሰው ደብዳቤ ሲያስተናግድ አስቡት። ጃንዋሪ 21፣ 1898 በ75 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጆቼን ይዤ ልሂድ፣ ምን አለ የሚታይ?

ፍሬድሪክስበርግ በ95 መንገድ ቅርብህ ነው፤ ካቡ ከፊሉ አለ። አንቲተም ላይ ያ ቦይ መንገድ እንዳለ ነው፤ ውስጡ ገብተህ መሄድ ትችላለህ። ለኔ ግን ከሁሉም ከርንስታውን ይበልጣል። ዊንቸስተር ሳትገባ ከከተማዋ በስተደቡብ ነው። የፕሪቻርድ የእርሻ ቤት እዚያው አለ፣ ከጀርባው ኮረብታው። ሜዳው ሁሌ ክፍት ስለማይሆን ከመሄድህ በፊት አጣራ። ላይ ወጥተህ ወደ ምዕራብ ዙር፤ ዛፍ የለበሰ ሸንተረር ይታይሃል። ጃክሰን የመጣው በዚያ ነው። ኮረብታው እንዲህ ትንሽ ነው ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ልጆችህ በአንድ ትንፋሽ ሮጠው ይወጡታል። ጃኬት አስይዛቸው፣ ንፋስ አለ።