ማሽኑ የቆጠረውና ፋይናንስ የጻፈው፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ጣጣ ላይ ናቸው። ድርጅቱ አዲስ ኢአርፒ፣ ማለትም ሒሳብን፣ ግዢንና ስቶክን አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ ገዝቷል። ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ማሽኖቹን የሚከታተል የምርት ሶፍትዌር ድሮም አለ። ሁለቱ ይገናኙ ተባለ፤ ከዚያ ግርግሩ ተጀመረ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። በቬንደሮች (በሶፍትዌር ሻጮች) ላይ የወረደውን ስድብም አውጥቼዋለሁ።

ከሰበታ፦ ኢአርፒው የራሱ የምርት ሞጁል አለው። የድሮውን ሶፍትዌር ለምን አንጥለውም?

ያላችሁ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ጣሉት፤ ሞጁሉ ይበቃችኋል። ካልሆነ ግን አትንኩት። ኢአርፒ የሚያስበው በቀንና በፈረቃ ነው፦ ስንት ትእዛዝ አለ፣ ስንት ጥሬ ዕቃ ቀረ፣ ወጪው ስንት ሆነ። የምርት ሶፍትዌሩ ደግሞ መሙያው ማሽን ስንት ደቂቃ ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ የትኛው ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ምርት) በየት በኩል አለፈ የሚለውን ይይዛል። አይሳ 95 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድም ኢአርፒን 4ኛ ደረጃ ላይ፣ የምርት ሶፍትዌሩን 3ኛ ደረጃ ላይ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ሁለቱ ሲስተሞቻችን የሚነጋገሩት በየሰዓቱ በሚወጣ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ፋይል ነው። አማካሪው ሳቀብን።

ይሳቅ። ያልተነበበ ፋይል ሲኖር ወዲያው የምታውቁ ከሆነ አትቀይሩት።

ከዱከም፣ የውሃ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊ፦ የምርት ክፍሉ ሪፖርትና የእኔ ስቶክ በየወሩ አይገናኙም። ማናጀራችን "ኢንተርፌሱ (ሁለቱን ሲስተሞች የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሲያልቅ ይስተካከላል" ይላሉ። አይቲው "ኮዱ ትክክል ነው" ይላል። ማን ነው የሚዋሸው?

እህቴ፣ ማንም አልዋሸም። ችግሩም እሱ ነው።

አንድ ፈረቃ እንውሰድ። መሙያው ማሽን ላይ ያለው ቆጣሪ 12,000 ጠርሙስ አለ። ከዚያ ውስጥ 180ው ክዳኑ ተጣሞ ወይም ውሃው ጎድሎ ተጣለ። ማሸጊያው ላይ 985 ፓክ ወጣ፤ በ12 ሲባዛ 11,820 ጠርሙስ ነው። ስቶር ኪፐሩ ግን የፈረመው ለ980 ፓክ ነው፤ አምስቱ ለላብራቶሪና ለሠራተኛ ሄደዋል። አሁን ሦስት ቁጥር አለን፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። ኢንተርፌሱ የትኛውን ይላክ? ይህንን ፕሮግራመሩ ሊወስን አይችልም። ካልተነገረው ግን ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜም ለእሱ የሚቀለውን ይመርጣል።

መስፈሪያውም አለ። የእርስዎ ክፍል ኢአርፒው ላይ ዕቃውን በፓክ መዝግቦታል፤ ማሽኑ የሚልከው በጠርሙስ ነው። መሐል ላይ በ12 የሚያካፍል ከሌለ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ስቶራችሁ ውስጥ 11,820 ፓክ ያድራል። እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሀብታም ሆናችሁ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የሚከተለው ነው። ኢአርፒው ጥሬ ዕቃ የሚቀንሰው በቀመሩ መሠረት ነው፦ 11,820 ጠርሙስ ከወጣ 11,820 ፕሪፎርም (ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ፕላስቲክ) ይቀነስ። መስመሩ ላይ ግን የተጣሉትም፣ ሲነፉ የፈነዱትም ፕሪፎርም በልተዋል። ሲስተሙ አያውቃቸውም። ወሩ ሲያልቅ ቆጠራ ይደረግና ፕሪፎርም ይጎድላል። ከዚያ ማን ይጠየቃል? ስቶር ኪፐሩ። ደመወዙ ይቆረጣል፤ ቤቱም ስሙም ይጎዳል። አንድ ሰው የሚጣለውን ጠርሙስ የሚያስመዘግብ መስክ (የሚሞላ ቦታ) ስክሪኑ ላይ ቢጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፉ በፊት ምርት፣ ስቶር፣ ጥራት፣ ፋይናንስና አይቲ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። እያንዳንዱ ቁጥር ባለቤት ይኑረው። ቀመሩ የምርት ክፍል፣ ዋጋው የፋይናንስ፣ "ይህ ባች ይውጣ" የሚለው የጥራት። ባለቤት ያልሆነው ያነባል እንጂ አይቀይርም። የዕቃ ኮዱንም አጽዱ። "ክዳን ሰማያዊ"፣ "ሰማያዊ ክዳን" እና "ክዳን ሰማ." ተብሎ ሦስት ቦታ የተመዘገበ አንድ ክዳን እናንተም ጋ እንዳለ እወራረዳለሁ።

ትልልቆቹም አላመለጡም። የጀርመኑ ሱፐርማርኬት ሊድል 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ካፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የሳፕ (የታወቀ የኢአርፒ ሶፍትዌር) ፕሮጀክቱን አቆመ። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ሊድል ስቶኩን የሚይዘው በግዢ ዋጋ፣ ሶፍትዌሩ ግን የተሠራው በመሸጫ ዋጋ መሆኑ ነበር።

የተጣለው ጠርሙስ በታክስ በኩል እንዴት እንደሚታይ የሒሳብ አማካሪያችሁን ጠይቁ።

ከደብረ ብርሃን፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ስቶካችን እጥፍ ይሆናል።

የምርት ሶፍትዌራችሁ መልእክቱን ልኳል፤ "ደርሶኛል" የሚለው መልስ ሳይመጣ መብራቱ ሄደ። ሲመለስ ድጋሚ ላከው። ኢአርፒው ደግሞ ሁለቱንም ተቀበለ። እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ኢአርፒው ያንን ቁጥር ካየው ድጋሚ አይመዝግበው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቬንደራችሁ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ከጠየቀ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡለት።

ከሐዋሳ፦ የሌሊት ፈረቃችን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ምርቱ ሁለት ቀን ላይ ይከፈልብናል። የወር መዝጊያውም ግራ አጋብቶናል።

ኢአርፒው ቀን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ሁለት ሰዓቱ ለትናንት፣ ስድስቱ ለዛሬ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር "የፈረቃው ቀን" የሚል የተለየ መስክ ላኩ፤ ሪፖርቱ በእሱ ይውጣ። ሰዓቱን ሰው በእጁ አያስገባ። ኦፕሬተሩ "2 ሰዓት" ብሎ ሲጽፍ ሶፍትዌሩ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ያስባል። ሰርቨሩ የሚይዘው በፈረንጅ ይሁን፤ ስክሪኑ በእኛ ያሳይ።

መዝጊያውን በተመለከተ፣ ሒሳባችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አጣምሩና 12 ወር አድርጉት። ግን የወራቱን ሠንጠረዥ ለአንድ ዓመት ሞልታችሁ አትርሱት። መስከረም 1 ቀን 2020 በፈረንጅ የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን። ያን ያላሰበ ሲስተም እስከ የካቲት ድረስ ወሩን የሚዘጋው በአንድ ቀን ፈቀቅ ብሎ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ የዘይት ፋብሪካ፦ ሐምሌ 1 እንጀምራለን ተብሏል። ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ኢንተርፌሱ አልተሞከረም። አለቃ "ቀኑ አይነቃነቅም" ብለዋል።

አለቃዎን ይህን ያስነብቧቸው። የአሜሪካው የመዋቢያ አምራች ሬቭሎን እ.ኤ.አ. በ2018 ኖርዝ ካሮላይና፣ ኦክስፎርድ ያለው ፋብሪካው ላይ አዲስ ኢአርፒ ጀመረ። ምርት ተስተጓጎለ። ራሱ ባወጣው ሪፖርት 64 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዕቃ ሳይልክ ቀረ፤ ባለአክሲዮኖችም ከሰሱት።

መሐል መንገድ አለ። ሐምሌ 1 ሒሳቡ ኢአርፒው ላይ ይጀምር፤ ኢንተርፌሱ ይቆይ። በየፈረቃው መጨረሻ አንድ ሰው ቁጥሩን በእጁ ያስገባ። አሰልቺ ነው፤ ግን ዘይቱ ይጫናል። እስከዚያ የተሰረዘ ትእዛዝን፣ ግማሽ ላይ የቆመ ባችንና የተመለሰ ዕቃን ሞክሩ። ሁሉም ነገር ሲሳካ ብቻ የሚሞከር ሙከራ ለፎቶ ነው።

ቦታውን ያልጻፉ፦ ቬንደሩ ኢአርፒውንና ማሽኖቹን አንድ ኔትወርክ ላይ እናድርግ፣ እኔም ከቤቴ ልግባ ይላል። ምን ችግር አለው?

አይሆንም! እ.ኤ.አ. በ2019 የኖርዌዩ አሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮ በራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ) ተመትቶ በርካታ ፋብሪካዎቹ በእጅ ወደ መሥራት ተመለሱ። የቢሮው ኔትወርክና የማሽኑ ኔትወርክ ይለያዩ፤ መሐላቸው ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ አጥር) ይኑር። ቬንደሩ ሲፈቀድለት ብቻ ይግባ፣ ሥራው ሲያልቅ በሩ ይዘጋ። ኢአርፒው ከማሽኑ ያንብብ እንጂ በቀጥታ አያዝዘው። እኔ የጻፍኩትን ይዛችሁ ብቻ አትጀምሩ። የፋብሪካ ኮንትሮል ሲስተም ደኅንነት የሚያውቅ ባለሙያ መጥቶ፣ ቦታውን ዞሮ አይቶ፣ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የቢሮ ኮምፒዩተር የሚጠግነው ልጅ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ባለሙያው እስኪመጣ ገመዱን አትሰኩ።

ከአዳማ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ይህን ሙያ መማር ይፈልጋል። በምን ይጀምር?

በኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ)። ክረምቱን ደግሞ አንድ ስቶር ውስጥ ገብቶ ዕቃ ይቁጠር።