የነጭ ሽንኩርት ሽታ የመራው ምርምር

«ሰውነት በኢምንት መጠን ብቻ የሚፈልገው ማዕድን እንዴት ይታወቃል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ የክላውስ ሽዋርዝን የምርምር ዘመን መመልከት ይበቃል። ይህ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ተመራማሪ ቶሩላ በሚባል እርሾ የቀለባቸው አይጦች ጉበታቸው እየተበላሸ ይሞቱ ነበር፤ የቢራ እርሾ የተጨመረላቸው ግን ተረፉ። አዳኙን ነገር ለማግኘት ዓመታት ፈጀ። ናሙናው እየጠራ ሲሄድ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አመጣ፤ ፍንጩ ሴሊኒየም ወደተባለው ማዕድን መራ፤ ውጤቱም በ1957 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሚገርመው፣ ሴሊኒየም እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው ከብት በሚገድል መርዝነቱ ነበር!

በ1970ዎቹ ደግሞ ሰውነት ይፈልጋቸው እንደሆነ ለማየት ወደ ቆርቆሮ (ቲን)፣ ቫናዲየምና ሲሊከን ወደተባሉት ንጥረ ነገሮች ዞረ። ልፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ አይጦቹ የሚኖሩት በፕላስቲክ ክፍል ውስጥ፣ የተጣራ አየር እየተነፈሱ፣ ከብረት ርቀው ነበር። ከአቧራ ወይም ከጎጆው ሽቦ የሚገባ የማዕድን ቅንጣት ሙከራውን ከንቱ ያደርገዋልና። (እኔ ብሆን ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር።)

ግኝቱ ሁሉ ግን አልጸናም። በ1959 ከባልደረባው ከዋልተር ሜርትዝ ጋር ለደም ስኳር ቁጥጥር ያስፈልጋል ያሉት ክሮሚየም የተባለ ማዕድን ዛሬም እያከራከረ ነው። ሴሊኒየም ግን ሕዋሳትን ከጉዳት የሚከላከለው፣ ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም አካል መሆኑ በ1973 ተረጋግጦለታል።