ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ለምን ይገለበጣል?

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ስታካፍል ሁለተኛውን ገልብጣ ታባዛለች፤ መልሷም ትክክል ነው። ለምን እንደምትገለብጠው ስጠይቃት ግን «ሕጉ ነው» ከማለት ሌላ ምክንያት የላትም፤ እኔም የተሻለ ማስረዳት አልቻልሁም። ደግሞስ ግማሽ ለሩብ ሲካፈል እንዴት ከግማሽ የሚበልጥ ቁጥር፣ ሁለት፣ ይሆናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምክንያቱን መፈለግዎ ተገቢ ነው፤ ሕጉን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚገለብጥ በፈተና ሰዓት ይምታታበታልና።

ከኋለኛው ጥያቄዎ እንነሣ። ማካፈል «አካፋዩ በተካፋዩ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆን ሁለት ጊዜ ይሞላል። ውሃው አልጨመረም፤ «ሁለት» የሚለው መልስ የሚቆጥረው ብርጭቆውን እንጂ ሊትሩን አይደለም።

የመገለበጡ ምክንያት ደግሞ በጣም ግልጽ የሚሆነው ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሊትር ወይም ለአንድ ሜትር የሚደርሰውን መጠን ስንፈልግ ነው። አንድ ሰው በ3/4 ሰዓት ውስጥ 5/2 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ በእኩል ፍጥነት ተጓዘ እንበል። በአንድ ሰዓት ምን ያህል ይጓዛል? በቅድሚያ በሩብ ሰዓት የተጓዘውን እንፈልግ፤ 3/4 ሰዓት ሦስት ሩቦች ስለሆነ 5/2ን ለ3 እናካፍላለን፤ 5/6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ሰዓት አራት ሩቦች ስላሉት ይህንን በ4 እናባዛለን፤ 20/6 ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ከሲሶ እናገኛለን። እንግዲህ ያደረግነው ለ3 ማካፈልና በ4 ማባዛት ነው፤ ይህም በ4/3 ከማባዛት ጋር አንድ ነው። የተገለበጠው አካፋይ የመጣው ከዚሁ ነው። ልጅዎ ይህንን በወረቀት ላይ አንድ መስመር ሥላ፣ በሦስት ከፍላ፣ አራተኛውን ብትቀጥልበት ከማንኛውም ቃል ይልቅ ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

የትኛው ለየትኛው እንደሚካፈል የሚወስነው «ለአንድ» የምንለው ነገር ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን ጊዜ ከፈለግን ሰዓቱን ለርቀቱ እናካፍላለን፤ 3/4 ሲካፈል ለ5/2፣ 3/10 ሰዓት ወይም 18 ደቂቃ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን በትርፉ ላይ ነው። የ2 ሜትር ገመድ እያንዳንዳቸው 3/4 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ሲከፈል ስሌቱ 8/3፣ ማለትም ሁለት ከሁለት ሲሶ፣ ይሰጣል። ሁለት ሙሉ ቁራጮች ከተቆረጡ በኋላ የሚተርፈው ገመድ ሲለካ ግን ግማሽ ሜትር እንጂ የሜትር ሁለት ሲሶ አይደለም፤ ሁለት ሲሶ የተባለው ከአንድ ቁራጭ ከ3/4 ሜትሩ ነው፤ የ3/4 ሁለት ሲሶም ግማሽ ነው።