የምትተክሉት ችግኝ እናቱ ማን ናት?

በጅማና በዙሪያዋ በደን ሥራ ለተሰማራችሁና ነገም ለምትሰማሩ ወጣቶች፣ ከረጅም ዘመን ሥራዬ ከሁሉ አስቀድሜ ላወርሳችሁ የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ብዙ ችግኝ መትከል ብቻውን ደንን አያቆይም የሚል ነው።

ለችግኝ ጣቢያ ዘር ስትለቅሙ፣ መንገድ ዳር ከቆመች አንዲት ዋንዛ ሥር ማዳበሪያ ሙሉ ፍሬ ሰብስቦ መመለስ ይቀላል። ፍሬው ይበቅላል፣ ዕቅዱም ይሞላል። ይሁን እንጂ እነዚያ ችግኞች ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ የሚሰጡት ዘር እየደከመ ይሄዳል፤ አንዱን የሚጥል በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣም ሌሎቹን የመጣል ዕድሉ ሰፊ ነው። ዛሬ የተተከለ ዛፍ የሚቆመው ከኛ ዕድሜ በኋላ በሚመጣ የአየር ጠባይ ውስጥ ጭምር በመሆኑ፣ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ቢያንስ ከ30 እናት ዛፎች፣ እርስ በርሳቸው 100 ሜትር ያህል ከተራራቁት፣ ከእያንዳንዳቸው ተቀራራቢ መጠን ልቀሙ፤ የለቀማችሁበትንም ቦታ መዝግቡ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። ተገቢ ክልከላ ነበር። ሆኖም ጣውላ ፈላጊ ምንጊዜም የሚመርጠው ቀጥ ያለውንና ወፍራሙን ስለሆነ፣ በስውር በተቆረጠ ቁጥር ለዘር የሚቀረው ጠማማው ነው። ዝግባ ደግሞ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ዛፍ የሚቆሙ በመሆናቸው፣ አካባቢዋ ተመንጥሮ ብቻዋን የቀረች ሴት ዝግባ ከወንዱ ርቃ ፍሬያማ ዘር ለመስጠት ትቸገራለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቀረሮ የተባለው ትልቅ አገር በቀል ዛፍ ነው። ዘሩ ደርቆ በቀዝቃዛ መጋዘን አይቆይም፤ ከወደቀ በኋላ ቶሎ ካልበቀለ ይሞታል። ስለዚህ የቀረሮን የዘር ብዝኀነት የሚያቆየው እንደ ጅማው በለጠ ጌራ ያለ የቆመ ደን ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን በደን ቡና ውስጥ ስትገቡ ሽቅብ ብቻ አትመልከቱ፤ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ገበሬው ለቡናው ሲል ሥሩን በየዓመቱ ስለሚመነጥር፣ ትልልቆቹ ዛፎች እንደ ግርማቸው ቆመው ሳለ፣ በሥራቸው ተተኪ የሚሆን አንድ ጉልበት የሚደርስ ቀረሮ ሳታገኙ ብዙ ርቀት ልትሄዱ ትችላላችሁ። ከላይ ያየ ደኑ አለ ይላል።

በለጠ ጌራ አሳታፊ የደን አያያዝ፣ ማለትም ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ሆኖ ደኑን የሚያስተዳድርበት አሠራር፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረበት ስፍራ ስለሆነ፣ ከገበሬው ጋር መነጋገር እዚያ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬውን አትውቀሱት፤ ቡናው እንጀራው ነው። ምንጣሮ ከመጀመሩ አስቀድማችሁ ሂዱና ለተተኪነት የሚሆኑትን ቀረሮና ሌሎች አገር በቀል ቡቃያዎች አብራችሁ ምረጡ፤ ገጀራ እንዳይነካቸውም በየአንዳንዳቸው አጠገብ ችካል ትከሉ፤ ቡናው ሲለቀም ተመልሳችሁ ስንቱ እንደቆመ ቁጠሩ።