ጥያቄና መልስ፦ ጄኔራሉ ሚኒስትር ሲሆን

ስለ አሜሪካ መከላከያ ሚኒስትሮች ሹመት የመጡ ጥያቄዎችን ዛሬ አንድ ላይ ሰብስቤያለሁ። «ዓ.ም» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥ፦ ጄኔራል ሎይድ ኦስቲን መከላከያ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ሕግ ተጥሶ ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አልተጣሰም፤ ለእሳቸው ብቻ ሌላ ሕግ ወጣላቸው። የ1947ቱ የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ የመደበኛው ሠራዊት መኮንን ከተሰናበተ 10 ዓመት ሳይሞላው መከላከያ ሚኒስትር እንዳይሆን ይከለክላል። በ2008 ገደቡ ወደ 7 ወረደ። ኦስቲን ጡረታ የወጡት በ2016 ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ 2021 ሁለቱም ምክር ቤቶች «ክልከላው እኚህን ሰው አይመለከትም» የሚል አጭር ሕግ አወጡ፤ ባይደን ፈረሙበት።

ጥ፦ በሁሉም ነገር የሚናከሱት ሁለቱ ፓርቲዎች እዚህ ላይ እንዴት ተስማሙ? (ከዳላስ)

ድምፅ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ፤ አንዱ ለልዩ ፈቃዱ (ሰውየውን ከክልከላው ለሚያወጣው አጭር ሕግ)፣ ሌላው ለሰውየው። በ2017 የትራምፕ ዕጩ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ ፈቃዱን በሴኔት 81 ለ17 አገኙ፤ ሹመታቸው ደግሞ 98 ለ1 ጸደቀ። የኦስቲን ፈቃድ 69 ለ27 አለፈ፣ ሹመታቸው 93 ለ2።

ሰውየውን ወደው ፈቃዱን የጠሉ ብዙ ነበሩ ማለት ነው። ለእኔ አንጀት የምታርሰው ሴናተር ታሚ ዳክወርዝ ናት። ኢራቅ ሄሊኮፕተሯ ተመትቶ ሁለት እግሯን ያጣች ወታደር ናት። ለማቲስም፣ ለራሷ ፓርቲ ዕጩ ለኦስቲንም ፈቃዱን «አይሆንም» አለች፤ ሁለቱንም ሰዎች ግን ደግፋ ድምፅ ሰጠች። ጥያቄዋ ሰውየው ሳይሆን ሕጉ ነበር። ሌሎቹ ሲያዩ የነበረው ማን እንደሾመው ይመስለኛል።

ጥ፦ ከማቲስ በፊት እንዲህ የተደረገለት ሰው አለ?

አንድ ብቻ፤ ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል፣ በ1950፣ የኮሪያ ጦርነት በተጀመረ በወራት ውስጥ። ኮንግረሱ ፈቃዱን ሲሰጥ እዚያው ሕጉ ላይ «ከማርሻል በኋላ ሌላ ወታደር እንዳይሾም» የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። 66 ዓመት ተከበረ። ከዚያ በ4 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተዘለለ። ለአንድ ሰው የተከፈተ በር መልሶ አይዘጋም። ኮንግረሱም ሳይደነግጥ አልቀረም፤ በ2021 መጨረሻ ለጄኔራሎች ገደቡን ወደ 10 ዓመት መለሰው።

ጥ፦ ድምፁ እኩል ለእኩል ቢሆንስ?

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይለያል። ፔንስ በ2017 ለትምህርት ሚኒስትሯ ቤትሲ ዴቮስ፣ ቫንስ በ2025 ለመከላከያ ሚኒስትር ዕጩው ለፒት ሄግሴት 50 ለ50 የነበረውን 51 አድርገዋል።

ጥ፦ የኛ አገር ሕግስ ምን ይላል? (ከአዲስ አበባ)

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን አለበት ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ጉዳዩ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ለአንድ ሰው ተብሎ በአዋጅ ማለፍ አይቻልም። አንቀጹ ግን ጄኔራል ከወጣ በስንት ዓመቱ «ሲቪል» እንደሚባል አይናገርም። የተቆረጠ ዓመት ከሌለ ልዩ ፈቃድ የሚያስጠይቅም የለም።